ሸራ

ከላዬ ሸራ አለ፣ የዝናብ መከታ፤
ጉልበቴ ላይ ሸራ አለ፣ መርፌ የሚጠብቅ፣ አፉ የተፈታ፤
ሦስተኛውን ሸራ ያመጣው ቶፊቅ ነው፣
በብብቱ ይዞ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ የደሴ ጭጋግ እንዳያረጥበው።

«ጋሼ ይመር፣» አለኝ፣ «ነጠላ ጫማ አለህ?»
«ሞልቷል። ሰማያዊ፣ ቢጫ... ስንት ቁጥር ልስጥህ?»
«እሱን አይደለም፣» አለ፣ «አንድ እግር ነው ያልኩህ።»

የሰልባጅ ቦንዳ ስንፈታ አንዳንዴ
ቀኙ ብቻ ይወጣል። ግራውስ?
ባሕር ላይ ወደቀ? መጋዘን ቀረ እንዴ?
ከኬሻዬ ሳብኩለት፦ ነጭ ስኒከር፣ ሶሉ የተነፋ፣
አርባ አምስት ቁጥር፣ ለእኔ በጣም የሰፋ።
ተረከዙን የማን ሀገር አስፋልት በላው?
ዋጋ አልነገርኩትም፤ አንድ እግር ምን ዋጋ አለው?

የሰኞ ገበያ ልጆች ለጫማቸው ነው የሚኖሩት፤
ምሳ ትተው ይገዙታል፣
በጥርስ ብሩሽ ያጥቡታል፣
ጭቃ የነካው ለታ ሐዘን ነው፣ ለቅሶ ሊደርሱት።

ቅዳሜ ሄድኩ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ወደ ተከራያት ክፍል።
ሀሺም ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ሙዚቃውን ይለቃል፤
ቆርቆሮው በባሱ ይንቀጠቀጣል።
ራፑን የሚለው የሰፈር ልጅ ነው፣ ቃል እየቆረጠ፣ ቃል እያጋጠመ፤
ልክ እንደ እኔ ሥራ፣ ቁራጩ ቁራጩን እየተሸከመ።
ከምቱ ሥር ግን የሚያቃስት ማሲንቆ፣
አምባሰል ነው፣ ለይቼዋለሁ፣ ስንት ጩኸት ውስጥ ተደብቆ።

ቶፊቅ ብሩሽ አልያዘም። ጫማውን ቀለም ነከረው፣
እንደ ጓንት በእጁ አጥልቆ ሸራው ላይ ረገጠው።
ዱም። አንዴ።
ዝም።
ዱም ዱም። ሁለቴ።
በእጅ የሚሄድ ሰው አላየሁም በሕይወቴ።
የሶሉ ጥርስ መስመር በመስመር እየታተመ
ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ጦሳ ሆኖ ቆመ።
ከየቀኙ ጎን ግን ባዶ ቦታ ትቷል፤
«እዚህ ጋ፣» አለኝ፣ «ምቱ ያርፋል።»

ኬሻዬ ውስጥ ያለው ሁሉ ከቦንዳ አልመጣም።
ሦስቱ የራሴ ናቸው። ባለ ሱቅ ግማሽ ጥንድ አይሸጥም።
ቀኙን ተጫምቼ ጨረስኩ፤
ግራዎቹን አፈር አያውቃቸውም።

ቶፊቅ ክራንቼን አይቶ የት ቀረ አላለም፣ እኔም አልነገርኩት።
በማግሥቱ አንዱን፣ ጥቁሩን፣ በፌስታል ወሰድኩለት።
ገልብጦ ሶሉን አየው፤ ዋጋው እንኳ አልተላጠም፣ ተለጥፎበት።
ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም።
ቀይ ነከረው።
ሀሺም ድምፁን ጨመረ።
ባዶው ላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ግራ እግር መውጣት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»
ምን ልበለው? ግራ ገባኝ።
ስንት ዓመት እምቢ ያለኝ ግራ፣
ዛሬ ገባኝ፣
በሸራ።