ሲነሳ ነው

ረሖቮት፣ ምድር ቤት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
የመጨረሻው ባቡር አልፎ መሬቱ ሲያርፍ ከንዝረት።
ጠረጴዛው በአየር ላይ ተንሳፏል፤
ትንፋሼ እንኳ ያሞቀዋል፣
ቁጥሩን ያዛባል፤
ትእዛዝ ሰጥቼ፣ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ፣
ኮሪደሩ ላይ ከአባቴ ጎን እቀመጣለሁ።

አቸነፍ አባቴ ብረት ሠሪ ነበር ወለቃ ላይ፤
ቀን ማረሻ የሚያሠራው፣ ማታ ዓይኑን አያይ።
ቡዳ ነው ይላሉ፣ ጅብ ይሆናል ይላሉ፣
በሠራው ማጭድ ግን ጤፋቸውን ያጭዳሉ።
ዛሬ የብርቱካን መጋዘን ዘበኛ ነው፤
ተራው ያልሆነ ሌሊት
ማጭዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤
"የኔንም ለካ" አለኝ።

ከጫፉ ጥፍር የምታህል ቆረጥሁ፣
ፊት እስክታሳይ ወለወልሁ፣
ከአልማዙ ሥር አኖርሁ።
እኔም ቀጥቃጭ ነኝ፣ አባዬ፤
ትንኝ ያረፈችበት ያህል ነው መዶሻዬ።

"ተጭኖ ነው የሚያውቀው?"
"አይደለም፤ ሲነሳ ነው።
ሲጫኑትማ ሁሉም ይሰረጉዳል፣ ብረቱም ጭቃውም፤
ክንዱ ሲነሳለት ምን ያህል ተመለሰ፣ ይኸ ነው ቁም ነገሩ፤
ያልተመለሰው ባለሦስት ማዕዘን ጠባሳ ሆኖ ይቀራል በሥሩ።"
ዝም አለ።
ሱዳንን የተሻገረበትን ጉልበቱን
አሸት አሸት አደረገ።

በሩን ከፈትን።
መቶ ነጥብ፣ እንደ ዘር በረድፍ፤
ጀርባው ጋ ዝቅ፣ ስለቱ ጋ ከፍ፤
ቀድሞ በአውራ ጣቱ ዳብሶ እንደነገረኝ።
አንድ ጥግ ላይ ብቻ
ስድስት ነጥብ ልል፣ እንደ ሰም።
"እዚህ ጋ ተሳስተሃል" አልሁት እየሳቅሁ።
እሱ አልሳቀም።

ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ልሉ ቦታ ላይ አሳረፈ።
"ውኃ ሳጠጣው ውሻ ጮኸ።
እናትህ 'አሁን!' አለች።
እዚያ ጋ ሳይጠጣ አወጣሁት፤
ትኩሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣
አንተን በጀርባዬ አዝዬ…"
አልጨረሰውም።

የመዝገቡ መጨረሻ ዓምድ "የልዩነቱ ምክንያት" ይላል፤
ሁልጊዜ "አልታወቀም" ብዬ አልፈዋለሁ።
ዛሬ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ፣
በስድስቱ ነጥቦች አንጻር
በአማርኛ ጻፍሁ፦
ውሻ ጮኸ።