ለባለቤቴ ነው

ከስታዲየም ጀርባ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
ቆምኩኝ ከሱቁ በር፣ እያየሁ ግራ ቀኙን፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቶ
የማይታወቅ ፊት የለም፣ መንገድ ላይ ወጥቶ።
ደግሞ ዛሬ የመጣሁት ለቴምብር አይደለም፣
ለራሴ ነው። ለራሴ፣ ላናቴ፣ ለቀለም።

"ምን ልታዘዝ አባባ?" አለችኝ ልጅቱ፤
አባባ! ይኸው ቀለሙ፣ ከሸፈ ብልሃቱ።
"ሻምፖ ነው" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
"ለባለቤቴ ነው" — አንገቴን በሻርፕ ሸሽጌ።

"ፀጉሯ ምን ዓይነት ነው?"
"ስስ ነው" አልኩኝ፣ "ስስ፤
ንፋስ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሣ፣ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚርስ፤
ከፊት ገባ ያለ፣ ካናቱ የሳሳ፣
ማበጠሪያ ሲያይ የሚሰናበት፣ ትራስ ላይ የሚረሳ።"
ዝም ብላ አየችኝ። "ቀለምስ ይነካዋል?"
"አልፎ አልፎ" አልኩ። "በወር ሁለቴ ይሆናል።"

አዲሱ ኃላፊ ወጣት ወጣቱን መስኮት ላይ ሲያወጣ፣
ሽበቱ ሁሉ ወደ መጋዘን፣ አቧራ ሊቆጥር፣ ተራው ሲመጣ፣
እኔም ጠቆርኩ ያን ጊዜ፤ ፊቴ አይደለም፣ ራሴ፤
"ከመስኮቴ አልወርድም" እያለች ነፍሴ።
እኔው ነኝ የምቀባው፣ ቅዳሜ ሌሊት፣
በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ፣ ከመስታወት ፊት፤
በእርጎ ኩባያ በጥብጬ፣
እስኪይዝ አርባ ደቂቃ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ።
ሳሙናው ግን ይሉኝታ የለው፤ ማክሰኞ ሲነጋ
ጥቁሬ ዝጎ ያድራል፣ እንደ አሮጌ የሽቦ አልጋ።
ባለፈው ክረምት ደግሞ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣
ዝናብ ያዘኝና፣ ከነጩ ሸሚዜ ላይ
ወረደ ሁለት መስመር፣ እንደ ተሠረዘ አድራሻ፤
ሸዋረጋ አየና፣ "ማኅተም ነካህ" ብሎ ሰጠኝ ማበሻ።
(አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።)

"ይሄ የፈረንሳይ ነው።" "ዋጋውስ?" "ሺህ ስምንት መቶ።"
እጄ ከኪሴ ወጣ፣ ሳይነግረኝ ተቆጥቶ።
"ይሄ ደግሞ የቱርክ፣ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ።"
ሽታው ጽጌረዳ፣ ዋጋው ግን አበሳ።
"ያ ቢጫውስ፣ ትልቁ፣ እንቁላል የተሣለበት?"
"አይሆንም፣ እሱ ለወፍራም ነው፤ ቅባት አለበት፤
ስሱ ይከብደዋል፣ ተኝቶ ይቀራል።"
እኔም ማታ ማታ እንዲያ ያደርገኛል።

መነጽሬን ረስቼ፣ የጠርሙሱን ጀርባ ጽሑፍ
ክንዴን ዘርግቼ አየሁት፤ ጉንዳን ነው፣ ሰልፍ በሰልፍ።
ዶሮ የጫረው የመሰለ ስንት አድራሻ ያነበብኩ፣
በአንዲት የሻምፖ ጠርሙስ ፊት መሃይም ሆኜ ቆምኩ።
እሷው አነበበችልኝ፤ "ሰልፌት የሚባል ነገር
አረፋ ያበዛል እንጂ፣ አያኖርም ቀለም ከፀጉር ጋር።
ብዙ አረፋ አይመኙ" አለች፤ "ማለቴ… እንዳትመኝ ይንገሯት።"
ሁለታችንም ሰማን፤ ዝም ብለን አለፍናት።

ከዚያ ጎንበስ ብላ አወጣች ከጨለማ
አንዲት ትንሽ ጠርሙስ፣ ወረቀቷ ጠማማ።
"ሦስት መቶ አርባ ብር፤ ሽታዋም እንደ ነገሩ፤
እናቴ በዚህ ነው የምትታጠበው፤ አልለቀቀም ጥቁሩ።
ለብ ባለ ውሃ ይሁን፣ ሲያበቃ በቀዝቃዛ፤
ጣት እንጂ ጥፍር አይንካው፤ የሳሳ በጉልበት አይገዛ።"

ሦስት ባለ መቶ፣ አራት ባለ አሥር ቆጠርኩላት፤
"በጥቁር ፌስታል አድርጊልኝ፣ እባክሽ" አልኳት።
ልወጣ ስል ጠራችኝ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሣ፦
"ለባለቤትዎ ይንገሯት፤ ቀለሙን ሳትነካ
ጆሮዋን ቫዝሊን ትቀባ።"
እጄ ጆሮዬን ነካካ።

ውጭ ሰማዩ ከብዷል፤ ለገሃር ላይ ያጉረመርማል፤
የታክሲው ሰልፍ ጥግ ዞሮ፣ ሌላ ሰልፍ ይሆናል።
ባለቤቴ የውብዳር፣ ራሷ ጥጥ የመሰለ፣
ሽበቷን እንደ መልካም ወሬ ተሸክማ የምትሄድ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት የተኛች ትመስላለች፤
እሑድ ጥቁር የነካውን የትራስ ልብስ፣ ሳትጠይቅ፣ ታጥባለች።

ዝናቡ ጣለ። ፌስታሉን ባናቴ ላይ አጠለቅኩ፤
ጠርሙሷን በብብቴ ይዤ፣ ጥቁር ሆኜ፣ ሰልፌ ላይ ቆምኩ።