የቴምብሩ ጀርባ

ሌላው ሰው ከሄደበት ፎቶ ይዞ ይመጣል፤
ከሪጋ ለእኔ የቀረኝ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል።
ቀይ ነው፤ ፀሐይ አለበት፣
የስንዴ ዛላ ከብቦት፤
ሦስት ኮከብ ከአናቱ፣ «አምስት ኮፔክ» ከእግሩ፤
ጥርስ የለውም ጠርዙ፣
በመቀስ ነው የተለየው ከእናት ገጹ፣ ከጓዙ።

ኅዳር ነበር። ስለ ውኃ ቧንቧ ሦስት ቀን ስንማከር፣
ስለ ዝገት፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ቆጣሪና ሜትር፣
ከተማዋን ያየኋት በሆቴሉ መስኮት ነበር፦
የደወል ማማ ጫፍ ላይ ነፋስ የሚያዞረው አውራ ዶሮ፣
የዳውጋቫ ውኃ ጠቁሮ።
በአራተኛው ቀን፣ አውሮፕላኔ እስኪነሣ፣ ዝናብ አባረረኝ፣
ገበያ ውስጥ ከተተኝ፤
ድሮ የአየር መርከብ ያደረበት ያ የብረት ቅስት ጣሪያ
ዛሬ ሆኗል በጭስ የታጠነ ዓሣ ማደሪያ።

እዚያ፣ እባብ መሳይ ዓሣ ከሚሸጠው ከኡልዲስ ሚዛን ጎን፣
መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አስራ
ስካይድሪቴ ተቀምጣለች።
(ስሟን ሦስቴ አስደገምኳት፤ አራተኛውን አፈርኩ።)
ፊቷ ሰሌዳ አለ፤ ቴምብር፣ ቴምብር፣ ቴምብር፣
ሁሉም በፊቱ ተደፍቶ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣
እንደተቀጣ ተማሪ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ።
«ምን አጥፍተው ነው?» አልኩ።
ኡልዲስ ቢላውን በሽርጡ ጠርጎ አስተረጎመላት።
አልሳቀችም።

«አገር ስትወለድ መጠቅለያ አልነበራት፤
ቴምብር ይታተም ቢባል ወረቀት ማን ይስጣት?
የሸሸ የጀርመን ጦር ጥሎት የሄደ ካርታ፣
መድፍ ያነጣጠሩበት ረግረግና ቦታ፣
ገለበጡት፤ ባዶው ላይ ፀሐይ አተሙ በማታ።
ፊቱን ሁሉም ይሰበስባል።
እኔ ጀርባውን።

አርባ ዓመቴ ስገጥም። ወንዙን አገኘሁ፤ ወፍጮውን፤
የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል፣ የድልድዩን አንድ እግር።
የቀረኝ ዱምብሪ ነው፣ የእናቴ መንደር።
በሁለተኛው ጦርነት ነደደ። በአዲሱ ካርታ ላይ
አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ጫካ ይላል፤ ሌላ የለም።»
ሰሌዳው መሐል ላይ ባዶ ነበር፣ ጥፍር የምታህል።

ይሉኝታ ይዞኝ፣ ሰምቶ ባዶ እጅ መሄድ ነውር መስሎኝ፣
ከርካሹ ሣጥን አንድ አነሣሁ፣ ፀሐዩ ስላማረኝ።
አራት ዩሮ።
ተቀበለችኝ፤ ገለበጠችው፤ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው፤
ቆየች።
ኡልዲስ አንድ ዓሣ መዝኖ፣ ጠቅልሎ፣ መልስ እስኪቆጥር ቆየች።
ከዚያ ፖስታ ውስጥ ከትታ፣ አፉን በምላሷ አርጥባ፣
ሰጠችኝ።

ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ።
ትናንት ለግድግዳ ሰዓት ባትሪ ስፈልግ አገኘሁት፣
ለመጀመሪያ ጊዜም ገለበጥኩት።
ክር የመሰለ ወንዝ፤ ነጠብጣብ የእግር መንገድ፤
አራት ጥቁር ነጥብ፣ ቤት ይሆናሉ፣ አራት ቤት፤
ከጎናቸው ሦስት ፊደል፣ «ዱም» የሚል፣
የቀረውን መቀስ በልቶት።

በዱም የሚጀምር መንደር ስንት እንደሆነ አላውቅም።
አይታው እንደሆነ አላውቅም። ዓይኗ ደክሞም ይሆናል።
ወይስ አርባ ዓመት የሄደችው መንገድ
በአራት ነጥብ ሊያልቅባት፣
በሩ ላይ አድርሷት ሊዘጋባት፣
ፈርታ?
የጎደለ ነው የሚያስኬድ፤ የሞላማ ያስቀምጣል።
ይህን ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አላለችም።

ዛሬ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ቴምብር ሸጠችልኝ፣
አዲስ፣ ወፍ ያለበት። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፤
ሙጫ ብቻ ነው።
ላስኩት፤ ለጠፍኩት። አድራሻ ስለሌለኝ እንዲህ ጻፍኩ፦
ሪጋ፤ ትልቁ ገበያ፤ የዓሣው አዳራሽ፤
ከኡልዲስ ሚዛን በስተግራ፤
ለስካይድሪቴ።
ካልፈለግሽ አትክፈቺው።