ቤት መቺው

ኦዴት ከዘጠነኛው ፎቅ፣ ባተን ሩዥ ከተማ፣
ነፋስ ትፈጥራለች መስኮቷ ሳይሰማ።
አስር ሺህ ዓመታት፣ ያልመጡ፣ የማይመጡ፣
በአንድ ሌሊት ነጉደው ኮምፒውተር ውስጥ ሮጡ፤
ስም ያልወጣላቸው አውሎ ነፋሶች፣
ልጓም እንዳልገባላቸው ፈረሶች፣
ባሕሩን አቋርጠው ሉዊዚያና ሲደርሱ፣
በቁጥር ላይ እንጂ በጣሪያ አይነፍሱ።

ለየቤቱ አንዳንድ መስመር ሰጥታዋለች፤
ዓመቱን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን ጽፋለች፤
ምስማር ከምስማሩ ስንት ጣት እንደራቀ፣
የመስኮቱ መከታ እንዳለ፣ እንደወለቀ።
ከዚያ ቀመሩ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር
ኪሳራው በዝግታ ዳገቱን ሲጀምር፣
መቶ ሰማንያን ሲያልፍ ቀጥ ያለ ገደል ያህላል፤
ጣሪያው ከተነሣ ምኑ ቤት ይባላል?

ረድፍ አራት ሺህ ሰባት፦ አልሲድ ትራሃን፣
ሽሪምፕ አጥማጅ፤ ቤቱ ባለ እንጨት እግር ሲሆን፣
ሃምሳ ዓመት የቆመ፣ ቆርቆሮው ዝገት የለበሰ፤
ስልሳ ሁለት ከመቶው በወረቀት ፈረሰ።

የመድን ዋጋው ሲንርበት ስልክ ደወለላት፤
«ልጄ፣ ቤቴን አይተሽዋል?» ብሎ ጠየቃት።
«አላየሁም» አለች። «ከሥሩ ሰንሰለት አለ፣
በድሮ ጀልባዬ መልህቅ ተሸክሞ የዋለ፤
ምሰሶና ጣሪያን አንድ ላይ ጠፍሬ
አራት አውሎ ሸኘሁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።»
ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው።
ለሰንሰለት የሚሆን ሳጥን አልነበረም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እውነተኛው መጣ፤
ይኸኛው ስም አለው፣ ጥርስ አለው፣ ቁጣ።
ነፋሱ ቤት መታ፣ ነፋሱ ቤት ደፋ፤
እንደ ገጣሚ ግን ለስንኙ አልለፋ፤
ይኸኛውን መታ፣ ያኛውን ዘለለ፣
ባለ አዲስ ምስማሩን ከሥሩ ነቀለ።

ጥቅምት ላይ ሒሳቡ ሲደመር፣ ሲጣራ፣
የአውራጃው ኪሳራ ከቀመሩ ጋራ
ሦስት ከመቶ ብቻ ነበር ልዩነቱ፤
ኬክ ተቆረሰ በቢሮው፣ ገና በጠዋቱ።
ኦዴት ረድፍ በረድፍ ወርዳ ስታነበው
አንድም ቤት አጣች እንዳለችው የሆነው፤
ያ ተርፏል፤ ያኛው ከነመሠረቱ የለም፤
ስህተት ስህተትን ሲያጣፋ፣ ድምሩ ብቻ ሰላም።

ቅዳሜ ወደ ደቡብ ነዳች።
ረድፍ አራት ሺህ ሰባት በእንጨት እግሩ ቆሟል፣
ዙሪያው ሜዳ ሆኗል።
«ቤቱማ ተረፈ» አላት፤ «ግን ለማን ልንገር?
መብራት የለ፣ ሱቅ የለ፣ ማታ ማታ በአጥር
የሚያወራኝ የለ። ለመንደርስ ሳጥን አለሽ?»

መልስ አላገኘችም።
ከጎረቤት በርሮ የመጣ ቆርቆሮ ጎንበስ ብሎ አነሣ፤
«ያን ጫፍ ያዢልኝ» አላት።
ያዘችው።
ከገመተችው በላይ ከበዳት።