ውሃ ልክ

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ እሪ በከንቱ፣ ከድልድዩ በላይ፣
ከስሚንቶ ጠብታ በቀር ጌጥ አልነበረም ኮቱ ላይ።
ከዕቃዎቹ ሁሉ መርጦ በጨርቅ የሚጠቀልላት፣
ለገዛ ወንድሙ እንኳ ለአንድ ቀን የማያውሳት፣
ውሃ ልኩ ነበረች፤ ቢጫ እንጨት፣ ጠርዟ የተላጠ፣
መሃሏ ብርጭቆ፣ በብርጭቆው ውሃ፣ በውሃው አንድ አረፋ የተቀመጠ።

"ዓይን ይሸነግላል" ይለኝ ነበር፤ "ግድግዳን ዓይተህ አትመን፤
ይህች ዘመድ የላትም፤ አታፍርህም። እሷን እመን።"

እኔ ግንብ አልገነባሁም። ሰማይ ወጣሁ።
ትምህርት ቤት ሻምበል ደርቤ በሚሽከረከር ወንበር አስቀመጡኝ፣
ዓይኔን በሻሽ አስረው ቀስ ብለው አዞሩኝ፤
"ወዴት ነው የምትዞረው?" ሲሉኝ "ቆሜአለሁ" አልኩ።
ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ገና እየዞርኩ ነበር።
"ጆሮህ ውስጥም ውሃ አለ" አሉ ሻምበል ሻሹን እየፈቱ፤
"ስትዞር ይዞራል፤ ሲሰለቸው ይቆማል፤ ተጠንቀቅ ከውሸቱ።"
በልቤ፣ ይሄኛውስ ዘመድ አለው አልኩ።
ዘመዱ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ፣ በሌሊት፣ ገና ሳንርቅ ከከተማው፣
የአራዳ መብራት ድርግም አለ፤ ዋጠን ደመናው።
የራሳችን መብራት ከጉሙ ተጋጭቶ ወደ እኛው ይመለሳል፤
ላይ የቱ፣ ታች የቱ፣ ማን ይመልሳል?
እኔ ግን ሐሳብ አልነበረኝም። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የበረረ እጄን ተማምኜ።

"ካፒቴን" አለች ሰሎሜ፣ ረዳቴ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣
"ወደ ግራ ዘምመናል። ሃያ አምስት። አሁን ሠላሳ።"

አየሁት። ከፊቴ ያለው ሰው ሠራሽ አድማስ
እንደ ተነቀለ መዝጊያ ዘሟል።
ተበላሽቷል ልል ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቷል ቃሉ።
የእሷንም አየሁ። የመሃሉንም ትንሹን። ሦስቱም ያንኑ ይላሉ።

መሪውን ወደ ቀኝ መለስኩ። አረፋው፣ አይ፣ መስመሩ ቀና አለ።
ያኔ ነው ሰውነቴ እሪ ያለ፤
"ገለበጥከን! በቀኝ በኩል እየወደቅን ነው!" እያለ።
ጆሮዬ እሪ፣ አንገቴ እሪ፣ ሆዴም እሪ፤
በከንቱ።
ሰፈሬ ስሙን ያስቀመጠልኝ ለዚህች ሌሊት ኖሯል።

"ልክ ነን?" አልኳት። "ልክ ነን" አለች። ደግሜ ጠየቅኋት።
"ልክ ነን፣ ካፒቴን። እንደያዙት ይያዙ።"
ጭነቱ እንዳጋደለ በቅሎ ትከሻዬን ወደ ግራ ጥዬ፣
እጄን ብቻ ለመስታወቱ አስገዝቼ፣
ጨረቃ እስክትገለጥ ድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ በረርኩ፣
ገላዬን ሳላምን።

ተመልሼ በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ወረድኩ።
የምታጠፍበት ግንብ የለም። ዳቦ ቤቱ የለም።
ሁልጊዜ ለሰባት ሩብ ጉዳይ የሚል ሰዓት የተሰቀለበት
የሰዓት ሠሪው የአቶ ጋረደው መስኮት የለም።
ቆርቆሮ አጥር ብቻ፤ ከላዩ ሰማይ፣ ከሥሩ ጭቃ።
የጊዮርጊስን ደወል ሰማሁ፤ ከየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ፤
እትብቴ በተቀበረበት መሬት ቀኝና ግራው ጠፋኝ።

በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ። አባቴ ካነጠፋቸው ሦስት ደረጃዎች
አንዷ ቀርታለች፤ ወደ የትም አትወስድም።
ከቦርሳዬ፣ ከበረራ መዝገቤ ሥር፣ ከነጨርቋ አወጣኋት፤
አቧራውን ጠረግ አድርጌ ድንጋዩ ላይ አኖርኋት።
አረፋዋ ሄደች፣ አመነታች፣ ተመለሰች፣
መሃል ላይ ቆመች።

"ምን እየለኩ ነው?" አለኝ ጥበቃው፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ይዞ።
"ደረጃው ልክ መሆኑን" አልኩት።
ጎንበስ ብሎ ብርጭቆዋን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ፤
ራሱን ትንሽ አዘነበለ።

"ደረጃውስ ልክ ነው፣ ጋሼ፤
እርስዎ ነዎት የዘመሙት።"