በጥፍር መትቶ ማድመጥ

ዓፉላ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዶ፣
ከፈላፍል ቤቱ ጎን፣ በጠባብ ደረጃ ተወርዶ፣
የግሪሻ ሱቅ አለ፤ በሩ ሁለት ጊዜ የሚቆለፍ፣
አንዱ ካልተዘጋ ሌላው እንቢ የሚል፣ እንደ አኩራፊ ደጃፍ።

«እንግዳው!» አለኝ በስሜ፣ «ይኸውልህ፣ መጣልህ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው በር ዘብ የቆምክ፣ ይሄ ይነስህ!»
ከግድግዳው አወረደው፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ከሲታ፣
ራሱ የሚጎርስ፣ ራሱ የሚያቀባብል፣ አንድ ጥይት በአንድ ቃታ።
ክብደቱ የሦስት ወር ሕፃን፤ ዋጋው አሥራ ስምንት ሺህ ሼክል፤
መነጽሩ ለብቻው ነው፣ ካዝናውም ለብቻው ይከፈላል።

ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩት። አልዋሽም፣ ልክ ነው።
ጉንጬ የት እንደሚያርፍ
ማን ነግሮት ነው?
የድርጅቱ አሮጌ መሣሪያ በየሦስተኛው ጥይት ያንቀዋል፣
ዓርብ ጠዋት ተኩስ ሜዳ፣ ልጆቹ ፊት ያዋርደኛል፤
ይሄ ግን አያስለው፣ አያስነጥሰውም፤
አምስቱን በአንድ ሎሚ ላይ ቢደረድር ማንም አይገረምም።

ፍርሃትም አለ፤ ልቁጠረው፣ እሱም ዋጋ አለው፤
ሳይረኑ ሲጮህ ደረጃው ሥር ስንት ሌሊት ነው ያደርነው?
ከላይ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ሽጉጥ ታጥቆ ነው ወተት የሚገዛው።

በልቤ መነዘርኩት፦
የኦሪት የጥርስ ማሰሪያ፤ የሦስት ወር የቤት ዕዳ፤
ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈስብን ያ ጓዳ፤
ይኼ ሁሉ በአንድ ብረት። ይኼ ሁሉ በአንድ ዘንግ።
አገር ቤት ቢሆን ስንት በሬ ነው? ስንት ዳውላ? ስንት በግ?

ከዚያ እጄ ሳያስፈቅደኝ አፈሙዙን በጥፍሬ መታሁት፤
ጆሮዬን አዘንብዬ አደመጥሁት።
ግሪሻ ሳቀ፤ «ሐብሐብ መሰለህ?» አለ።
ሐብሐብ አይደለም፤ አባቴ ነው፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ከወለቃ ማዶ፣ ከወንዙ አፋፍ፤
ቀን «ቡዳ» ያለው ሁሉ ማታ ከነማረሻው በሩ ላይ የሚሰለፍ።
ብረት አይዋሽም ይል ነበር፤ በጥፍር ሲመቱት ያወራል፤
የተሰነጠቀው ያጉረመርማል፣ ጤነኛው ይዘምራል።

አንድ ሌሊት ሰው መጣ፣ ስሙን ያልነገረን፤
መቀርቀሪያው የተሰበረ ምንሽር በጋቢ ጠቅልሎ ሰጠን።
አባቴ እስኪነጋ ሠራው፤ ወናፉን እኔ ነፋሁ፤
ጎህ ሲቀድ ያ ብረት ጥርት አድርጎ ሲዘምር ሰማሁ።
ደመወዙ አንድ ስልቻ ገብስ።

በሳምንቱ ከታች መንደር የፈንታሁን ለቅሶ ሆነ።
ማን ተኮሰው? በምን ተኮሰው?
አባቴ መዶሻውን ይዞ፣ ሳያነሳው፣ እንደቆመ ቀረ።
ገብሱን ግን በላነው። እናቴ ቆልታ ሰጠችን፤
እስከ ፋሲካ አደረሰን።

«ታዲያ?» አለ ግሪሻ፣ ለካርዴ መዳፉን ዘርግቶ፤
«በስንት ጊዜ ትከፍላለህ? በአሥር? በአሥራ ሁለት? ንገረኝ፣ ሳልዘጋ፣ ሳይመሽ ቶሎ!»
ልለው የፈለግሁት፦ ብረቱ ጤነኛ ነው፣ ዋጋውም አልተጋነነም፤
ግን ደረሰኝህ ላይ ያ ገብስ አልተጻፈም።
በዕብራይስጥ ሳዞረው አፌ ውስጥ ተበላሸ፤
«አስብበታለሁ» ሆኖ ወጣ፤ የግሪሻ ፊት ጠለሸ።

ባዶ እጅ መውጣት ደግሞ ነውር ሆነብኝ፤
በሠላሳ ሼክል አንዲት ብልቃጥ የጠመንጃ ዘይት ገዛሁኝ።
የትርፌ ስፌት መኪና ከከረመ ጀምሮ ሲጢጥ ይላል፤
ማታ ሁለት ጠብታ አንጠባጠብኩበት፤ ተሻለው መሰል።
«ይሄ ምን ዓይነት ሽታ ነው?» ብላ አፍንጫዋን ያዘች፤
ከዚያ ረስታው የኦሪትን ቀሚስ ጠርዝ መስፋት ጀመረች።

እሑድ ግሪሻ ይደውላል፤ አውቀዋለሁ።
ምን እንደምመልስለት ገና ነኝ፤
ጥፍሬን አያለሁ።