ኖራ

አያቴ ሮዝ ሸጠ፤ አባቴ አረንጓዴ፤
ሱቁን ስረከብ እኔ፣ ሦስተኛው ነጋዴ፣
አህመዳባድ ነደደች፤ ግንቦት እሳት ጫረ፣
ጣሳው ውስጥ ቀለሙ ሳይከፈት ጠጠረ።
ለዲዋሊ በዓል ቤቱን የሚቀባ
ደንበኛዬ ሁሉ አልፎኝ ሄዶ ገባ
ከማራገቢያ ሻጭ፣ ከማቀዝቀዣ ቤት፤
ዝንብ እሽ እያልኩ ዋልኩ፣ ከጠዋት እስከ ምሽት።

አንድ ቀን ኮኪላ፣ ያቺ ልብስ ሰፊዋ፣
ከወንዙ ማዶ ነው የቆርቆሮ ጎጆዋ፣
በሳሪዋ ጫፍ ላቧን እየጠረገች
«ወንድሜ ዳንሱክ፣ ምከረኝ» ብላ መጣች።
«ከረፋድ በኋላ ቤቱ አያስቀምጥም፣
መርፌው ጣት ይፈጃል፣ መቀሱ አይጨበጥም፤
በቀን ስድስት ሸሚዝ እሰፋ ነበረ፣
ዘንድሮ በሦስቱ እጄ ተቋጠረ።
ጨርቁም ላብ ይጠጣል፤ ገዢው ይመልሳል፤
ለዚህ ኪሳራ፣ ንገረኝ፣ ማን ይክሳል?»

መልስ አልነበረኝም። ግን በጓዳዬ ውስጥ
ሁለት ከረጢት ኖራ ነበረ፣ የማይሸጥ፤
ለበረት ግድግዳ አባቴ የገዛው፣
አይጥ የቦረቦረው፣ እርጥበት ያወዛው።
ኒራሊ፣ የእህቴ ልጅ፣ የፊዚክስ ተማሪ፣
ጣልቃ ገባች ያኔ፣ ያቺ ተከራካሪ፦
«ዝገት ፀሐይ ይጠጣል፣ ሌት ይተፋዋል ቤት፤
ነጭ ቀቡት፣ ብርሃኑ ይመለስ ወደ መጣበት።»

ጣራዋ ላይ ወጣን፣ ኖራና ሙጫ ይዘን፣
በመጥረጊያ ቀባን፣ እንደ ፌንጣ ዘለን፤
ቆርቆሮው በጫማ እንኳ እግር ይጠብሳል፣
ጎረቤቱ ሁሉ ከታች ሆኖ ይስቃል።
በማግሥቱ ቀትር ላይ ሄጄ አየኋት፤
የስፌት መኪናዋ ይንጫጫል፣ ፀሐይ እንኳ ፈርታት፤
«እንዴት ነሽ?» አልኳት። ቀና አለች፣ መርፌ በጥርሷ ይዛ፣
አምስተኛው ሸሚዝ ላይ ነች፣ ኮሌታውን ጠምዝዛ።
ስንት ዓመት በዚያ ቤት፣ እሳት ሥር ኖራ፣
ለካስ ያሳደራት ሁለት ከረጢት ኖራ!

«ስንት ነው?» አለችኝ። የጽድቅ ሐሳብ መጣብኝ፣
በነጻ ልላት ስል ያባቴ ድምፅ ያዘኝ፦
«በነጻ የተቀባ ጣራ ዳግም አይታደስም፣
ባለቤት የሌለው ሥራ ዓመት አይደርስም።»
ስለዚህ ተስማማን፦ ከምትጨምረው ላይ
ካንድ ሸሚዝ አንድ ሩፒ፣ ዝናብ እስኪታይ።

ከዚያ ወሬው ሮጠ፦ ዶሮ የሞተበት፣
ወተቱ ሳይሸጥ የሚጎመዝዝበት፣
በሬ ላይ ተሰለፈ ያ ሁሉ ባለጣራ፤
እኔም አሥራ አንድ ቀጠርኩ፣ ሌሊት የሚሠራ።
በመዝገቤ መጨረሻ አንድ ገጽ አበጀሁ፣
«ባለዕዳ፦ ፀሐይ» በቀይ ጽፌ ዘጋሁ።

ግን የማፍርበትን ልንገራችሁ።
ባለፈው መጋቢት ሬዲዮው ስለ ሙቀት ሲያወራ፣
«አርባ ስድስት ይገባል» ሲል፣ ፊቴ በራ።
አዎ፣ በራ።
ሚስቴ ሻይ ስትቀዳ አየችኝ። «ከወንዙ ዳር ያለው
ማገዶ ሻጭ» አለች፣ «ሬሳ ሲመጣ ነው እንዲህ ፈገግ የሚለው።»
ዝም አልኩ።
ሻዩ ቀዘቀዘ።
ኒራሊም ጨመረች፣ ጨው በቁስሌ ነስንሳ፦
«ያንተ ኖራ ሲቃጠል፣ የምድጃው ጭስ ለምን ይረሳ?»

ሌሊቱን ተጣላን። ንጋት ላይ ግን ሄድኩኝ
ከእብነ በረድ ቆራጮች፣ ጥራጊያቸውን ጠየቅኩኝ።
«ውሰድልን» አሉ፣ «መጣያም አጥተናል»፤
ብናኙ ከኖራው እጥፍ ይነጣል፣
ዋጋውም በግማሽ። (ነጋዴ ነኝ አልኳችሁ፤
በጸጸቴም መሐል ሒሳብ እሠራለሁ።)

ትናንት ኮኪላ መጣች፣ ዕዳዋን ጨርሳ፣
ለሁለተኛ መኪና ቀብድ ከፍላ ደርሳ።
«ርግብ አቆሸሸው» አለች፣ «ጣራው ይታደስ፣ ይነጣ።
ከውስጥ ግን...» ቆመች፤ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ወጣ፤
ከአያቴ ዘመን ቀርታ አቧራ ለብሳ ከቆየች
ጣሳ ላይ አረፈ። «ከውስጥ ሮዝ ይሁንልኝ» አለች።